ሞተ የተባለው ካርድ፦ አዳማ ላይ አድራሻ ያጣ የጂፒዩ ጉዳይ

ያገለገለ የጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚሠራ ቺፕ) ካርድ ተገዝቶ ሲሰካ እምቢ ማለቱ በእኛ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። ፍርዱም ሁሌ አንድ ነው፦ «ሞቷል፣ ለሻጩ መልሱለት።» የዚህ ካርድ ጉዳይም በዚሁ ፍርድ ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው። ካርዱ ግን ደህና ነበር። ያጣው አድራሻ ነው። አድራሻ ያሳጣውም አንድ ነገር ሳይሆን አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረቡ ሦስት ምክንያቶች ናቸው። አንዱን ስትፈቱት ቀጣዩ ይወጣል። የሰርቨር ካርድ በተራ ማሽን ላይ ለመሞከር የሚያስብ ሰው ቢያንስ ከአንዱ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ስለዚህ ከነመንገዱ ጻፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው

ቦታው አዳማ ነው፣ ከፍራንኮ ብዙም ሳይርቅ ያለ አንድ ትንሽ ቢሮ። ሁለት ወጣቶች ይሰሩበታል። በእጅ የተጻፉ የድሮ መዝገቦችን ስካን ያደርጉና ኮምፒውተሩ ፊደላቱን እንዲለይ ያሰለጥኑታል። ፊደላችን ብዙ ነው፣ የጸሐፊው እጅ ደግሞ በየመዝገቡ ይለያያል። ይህን ሥልጠና በሲፒዩ ብቻ መግፋት ልብ ያወልቃል። ያለቻቸውን ብር አሟጠው ያገለገለ ቴስላ ኬ80 ገዙ።

ኬ80 ኤንቪዲያ በ2014 ያወጣው የሰርቨር ካርድ ነው። ከውጭ ሲያዩት አንድ ካርድ ነው፤ ውስጡ ግን ሁለት ጂፒዩ አለ። እያንዳንዱ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ በድምሩ 24። ሁለቱም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኙት እዚያው ካርዱ ላይ ባለ አንድ የፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርድና ማዘርቦርድ የሚነጋገሩበት መስመር) ስዊች በኩል ነው። ይህን ስዊች ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ካርዱ የራሱ ማራገቢያ የለውም፤ ሰርቨር ውስጥ ባለው ነፋስ እንዲቀዘቅዝ ነው የተሰራው። እስከ 300 ዋት ይበላል። በአዳማ ሙቀት ይህ ቀልድ አይደለም፣ ልጆቹ ግን ቀድመው አስበውበት ከኋላው ጠንካራ ማራገቢያ ገጥመውለታል። የኃይል መሰኪያውም እንደ ተራ የጌም ካርድ አይደለም። ለሲፒዩ የሚሆነውን ባለ 8 ፒን ነው የሚፈልገው። ሁለቱ መሰኪያዎች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ የሽቦዎቹ አቀማመጥ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ተሳስቶ የሰካ ሰው ካርዱን እውነትም ሊገድለው ይችላል። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ልክ ነበር።

ማሽኑ ያገለገለ ባለ ዚዮን ዎርክስቴሽን ነው፣ ኡቡንቱ 20.04 የተባለው ሊኑክስ ከ5.4 ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ጋር ተጭኖበታል። ማሽኑ ያለ ችግር ይነሳል። የኤንቪዲያ ድራይቨርም ተጭኗል። የኤንቪዲያ መመልከቻ ትዕዛዝ ግን «ምንም ካርድ አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል።

«ጋሼ፣ ካርዱ ሞቷል መሰለኝ። ሻጩ ደግሞ ስልክ አያነሳም» አለችኝ ልጅቷ።

«ሻጩን ለጊዜው ተይው። ኤልኤስፒሲአይ ላይ ይታያል ወይ?» አልኳት። ኤልኤስፒሲአይ ማሽኑ ያያቸውን የፒሲአይ ካርዶች የሚዘረዝር ትዕዛዝ ነው።

«ይታያል። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ነው የሚታየው።»

እዚህ ላይ ነገሩ ለእኔ መልኩን ቀየረ። የሞተ ካርድ ስሙን አይናገርም። ኤልኤስፒሲአይ ላይ ሁለቱም ጂፒዩዎች ከታዩ፣ ካርዱ ኃይል አግኝቷል፣ ስዊቹ ይሰራል፣ ሁለቱም ቺፖች ከርነሉ ሲጠይቃቸው «አለሁ» ብለው መልሰዋል ማለት ነው። ሻጩም ማታ ስልኩን አነሳና ያለው ይህንኑ የሚደግፍ ነበር፦ «ወንድሜ፣ እኔ ከሰርቨር ላይ ነው የነቀልኩት፣ እስከዚያች ሰዓት ይሰራ ነበር።» አመንኩት። ሰርቨር ላይ ይሰራ የነበረ ካርድ ዎርክስቴሽን ላይ እምቢ ካለ፣ የሚፈተሸው በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ማስታወሻውን ከላይ ማንበብ

ዲሜስግ ከርነሉ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ያየውንና ያደረገውን የሚጽፍበት ማስታወሻ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያነበው ግርጌውን፣ ማለትም ድራይቨሩ ያለቀሰበትን ቦታ ብቻ ነው። እዚህም ግርጌው ላይ የኤንቪዲያ ድራይቨር ቅሬታ አለ። ለካርዱ የተሰጠው የፒሲአይ ክልል ልክ አይደለም፣ ባር1 (ካርዱ የአድራሻ ድርሻውን ከሚጠይቅባቸው መዝገቦች አንዱ) 0 ሜጋባይት ነው፣ አድራሻውም 0 ነው ይላል። ይህ የሆነውን ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ድራይቨሩ የመጨረሻው ተረካቢ ነው። ባዶ እጁን የቀረው ሌላ ቦታ በተወሰነ ውሳኔ ነው።

ውሳኔው ያለው በጣም ከላይ ነው፣ ማሽኑ ከተነሳ ገና ጥቂት ሰከንድ ሳይሞላ የተጻፈው ውስጥ። ፒሲአይ የሚለውን ቃል ይዤ ወደ ላይ ስወጣ አገኘሁት። በእኛ ቋንቋ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ «ባር 1፦ ለዚህ ቦታ የለም፤ መጠን 400000000፣ 64 ቢት፣ ፕሪፌቸብል።» ከሥሩ «ባር 1፦ መመደብ አልተቻለም።» ለሁለቱም ጂፒዩ እንዲሁ። ፕሪፌቸብል ማለት አስቀድሞ ቢነበብ ጉዳት የሌለው ማለት ነው።

ቁጥሩ በሄክሳዴሲማል የተጻፈ ነው። ወደ ተራ ቁጥር ሲመለስ 17,179,869,184 ባይት ይመጣል። ይህ ልክ 16 ጊጋባይት ነው። ሁለቱ ጂፒዩዎች እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት የአድራሻ ቦታ እየጠየቁ ነው ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ስነግራት «የማሽኑ ራም እኮ 32 ነው፣ እንዴት ያንሰዋል?» አለች። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰውም እዚህ ጋ ይሳሳታል። ካርዱ የጠየቀው ራም አይደለም። የጠየቀው የአድራሻ ቁጥር ነው። ሲፒዩው የሚጠራቸው ቁጥሮች አሉ፤ ከነሱ የተወሰኑት ወደ ራም ያመራሉ፣ የተወሰኑት ወደ ካርዶች። ካርዱ የፈለገው «ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር የጠራ ሰው እኔ ጋ ይምጣ» የሚል ድርሻ ነው።

ካርድ መጠኑን እንዴት እንደሚናገር

ይህን ክፍል በደንብ አብራራዋለሁ። ቀሪው ሁሉ የተመሰረተው እዚህ ላይ ነው።

ከፒሲአይ በፊት በነበሩት ብዙ ካርዶች ላይ አድራሻ የሚመርጠው ሰው ነበር። ካርዱ ላይ ያሉትን ጃምፐሮች እየነቀሉ እየሰኩ። ሁለት ካርዶች አንድ አድራሻ ከያዙ ሁለቱም አይሰሩም። ኢንቴል በ1992 ያወጣው ፒሲአይ ይህን ጣጣ ቀረፈ። ካርዱ የራሱን አድራሻ አይመርጥም። መጠኑን ብቻ ይናገራል፤ አድራሻውን የሚሰጡት ማሽኑን የሚያስነሳው ባዮስና ከርነሉ ናቸው። በ2003 የመጣው ፒሲአይ ኤክስፕረስም ሽቦውን ሲቀይር ይህን አሠራር አልነካም።

መጠን የሚነገርበት ዘዴ በጣም ያምረኛል። እያንዳንዱ መሣሪያ ባር የሚባሉ እስከ 6 የሚደርሱ ባለ 32 ቢት መዝገቦች አሉት። ከርነሉ በመጀመሪያ መሣሪያው ለአድራሻ ጥሪ መልስ እንዳይሰጥ ለአፍታ ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ ባሩ ላይ በሁሉም ቢት 1 ይጽፍበታል። መልሶ ያነበዋል። ካርዱ ሊቀየሩ የማይችሉትን ቢቶች 0 አድርጎ ይመልሳቸዋል። ከታች ስንት ቢት 0 ሆኖ እንደተመለሰ መቁጠር ብቻ ነው የሚቀረው። ከታች ያሉት 4 ቢቶች ግን 1 ቢያሳዩም እንደ 0 ነው የሚቆጠሩት፤ እነሱ ባሩ 32 ነው 64 ቢት፣ ፕሪፌቸብል ነው አይደለም የሚለውን የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። 64 ቢት የሆነ ባር ሁለት መዝገብ ስለሚይዝ ሁለቱም አብረው ይነበባሉ። ኬ80 ላይ ባር1 ሲጠየቅ ከታች 34 ቢት አይቀየርም። 2 በ34 ሲነሳ 16 ጊጋባይት ነው።

ከዚሁ ዘዴ አንድ ተጨማሪ ግዴታ ይወለዳል። የታችኞቹ ቢቶች ሁሌ 0 ስለሆኑ፣ አድራሻው የመጠኑ ብዜት መሆን አለበት። ባለ 16 ጊጋባይት ባር የሚቀመጠው 16፣ 32፣ 48 እያለ በሚሄድ መነሻ ላይ ብቻ ነው። 20 ላይ ክፍት ቦታ ቢኖር አይጠቅመውም።

እንግዲህ አንዱ ጂፒዩ የሚፈልገውን እንደምር። ባር0 16 ሜጋባይት ነው፣ 32 ቢት ስለሆነ የግድ ከ4 ጊጋባይት በታች መቀመጥ አለበት። ባር1 16 ጊጋባይት፣ 64 ቢት። ባር3 32 ሜጋባይት፣ 64 ቢት። ይህ በሁለት ይባዛል። ከ32 ጊጋባይት በላይ የአድራሻ ቦታ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት

ከርነሉ አድራሻን ከኪሱ አያወጣም። ለፒሲአይ የተፈቀደው ክልል ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚነግረው ባዮሱ ነው፣ ኤሲፒአይ በሚባለው ሰንጠረዥ በኩል። ሲአርኤስ የሚባል ዝርዝር አለ። ሊኑክስ ከ2.6.34 ጀምሮ፣ ባዮሱ የ2008 ወይም ከዚያ በኋላ የተሰራ ከሆነ፣ ይህን ዝርዝር አምኖ ይሰራል። ዲሜስግ ላይ «የሥር ባስ ክልል» እያለ አንድ በአንድ ይዘረዝረዋል፤ ባስ ካርዶች የሚሰኩበት መስመር ነው።

የዚህ ማሽን ዝርዝር አጭር ነበር። ለአይኦ ፖርት የሚሆኑ ክልሎች፣ የድሮው ቪጂኤ ቦታ፣ ከዚያ አንድ ዋና ክልል። ዋናው ክልል የሚያልቀው ከ4 ጊጋባይት በታች ነው። ስፋቱ 1 ጊጋባይት ገደማ። ከ4 በላይ አንድም መስመር የለም።

ስሌቱ አለቀ። በ1 ጊጋባይት ክልል ውስጥ 16 ጊጋባይት አይቀመጥም። ድራይቨር ቢቀየር፣ ካርዱ ሌላ ስሎት ላይ ቢሰካ፣ ኡቡንቱ እንደ አዲስ ቢጫን ይህ ቁጥር አይለወጥም። ልጆቹ እኔን ከመጥራታቸው በፊት እነዚህን ሁሉ ሞክረው ነበር። ድካማቸው ያሳዝናል፤ መልሱ ገና ከመጀመሪያው ማስታወሻው ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

ከሞከሯቸው ነገሮች አንዱ ለብቻው መነገር አለበት። ለከርነሉ «ፒሲአይ ሪአሎክ» የሚባል የማስነሻ ትዕዛዝ ሰጥተውት ነበር። ትዕዛዙ ከርነሉ የባዮሱን ምደባ አፍርሶ እንደገና እንዲያከፋፍል ይፈቅድለታል። ውጤቱ የባሰ ሆነ። ጂፒዩው አድራሻ አላገኘም፣ የኔትወርክ ካርዱ ደግሞ የነበረውን አጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቦታው ራሱ ከሌለ ማፍረስና ማከፋፈል ቦታ አይፈጥርም፤ በመሃል ሰላም የነበረው ጎረቤት ይፈናቀላል። «ፒሲአይ ኖሲአርኤስ» የሚል ሌላ ትዕዛዝም አለ፣ የባዮሱን ዝርዝር ናቀው ማለት ነው። እሱን እንዳይነኩ ነገርኳቸው። ከርነሉ ያልተፈቀደ ክልል ላይ ካርድ ካስቀመጠ፣ እዚያ ቦታ ሌላ የማይታይ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ማሽኑም ዳታ እያበላሸ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ መፍትሔው ያለው ባዮሱ ውስጥ ነው። የሚፈለገው ምርጫ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ «አቦቭ ፎር ጂ ዲኮዲንግ» ይባላል፤ አንዳንዱ አምራች ስለ 64 ቢት ፒሲአይ በሚያወራ ሌላ ስም ይጽፈዋል። ሥራው አንድ ነው፦ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለውን አድራሻ ለፒሲአይ ክፍት ማድረግ። ሰርቨሮች ላይ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ይገኛል። የሻጩ ማሽንና የልጆቹ ማሽን ልዩነትም ይኸው ነው።

ምርጫው ግን ሜኑው ላይ አልነበረም። ተደብቆ ነው። ይህ ባዮስ የድሮውን አነሳስ የሚደግፈው ሲኤስኤም ክፍት እስካለ ድረስ ምርጫውን አያሳይም። ሲኤስኤም ሲዘጋ ብቅ አለ። ሲኤስኤም ሲዘጋ ደግሞ በድሮው መንገድ የተጫነው ኡቡንቱ አልነሳ አለ። ዳታቸውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጠው በአዲሱ የአነሳስ መንገድ፣ በዩኢኤፍአይ፣ እንደገና ጫኑ። ስለዚህ ክፍል ይህ ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት

ማሽኑ ሲነሳ ዲሜስግ ላይ አዲስ የሥር ክልል ታየ፣ ከ4 ጊጋባይት በላይ፣ በጣም ሰፊ። አንደኛው ጂፒዩ ሕያው ሆነ። ቢሮው ውስጥ ጭብጨባ ተሰማ። ሁለተኛው ግን አሁንም የለም።

አሁን ያለው መልዕክት ከበፊቱ የተለየ ነው። «ባር 1» ከሚለው ከፍ ብሎ «ባር 15፦ ቦታ የለም» ይላል። ያንን ያየው ልጅ ግራ ገባው። ባሮቹ 6 ናቸው ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ 15 ከየት መጣ? 15 የካርዱ አይደለም። ከርነሉ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የሚይዘው ዝርዝር ከ0 እስከ 5 ባሮቹን፣ 6 ላይ ሮሙን፣ ከ7 እስከ 12 ቨርቹዋላይዜሽን ለሚያውቁ ካርዶች የሚሆነውን ይይዛል። ከ13 ጀምሮ ያለው የድልድይ ነው፦ 13 የአይኦ መስኮት፣ 14 የተራ ሜሞሪ መስኮት፣ 15 የፕሪፌቸብል ሜሞሪ መስኮት። አዳዲስ ከርነሎች ቁጥሩን ትተው በግልጽ «የድልድይ መስኮት» ብለው ይጽፋሉ። በ5.4 ላይ ግን ቁጥሩን ማወቅ ግድ ነው።

ድልድይ ማለት ከላይ ካለው ባስ ወደ ታችኛው የሚያሻግር ነው። ስሎቱ ራሱ ከአንድ ድልድይ ሥር ነው። ኬ80 ላይ ያለው ስዊች ደግሞ በውስጡ ሦስት ድልድይ አለው፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሁለቱ ወደ ሁለቱ ጂፒዩ። እያንዳንዱ ድልድይ «ከዚህ እስከዚህ ያለውን አድራሻ ብቻ ነው የማሳልፈው» የሚል መስኮት አለው። ጂፒዩው አድራሻ የሚያገኘው ከሥሩ እስከ እሱ ድረስ ያሉት መስኮቶች ሁሉ የሚበቁ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሳሎኑ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን፣ የግቢው በር ጠባብ ከሆነ ሶፋው ውጭ ነው የሚያድረው።

ልጆቹን በኤልኤስፒሲአይ የዛፍ እይታ አስቀመጥኳቸውና እያንዳንዱን ድልድይ ከላይ ወደ ታች በዝርዝር እይታ አነበብን። ስሎቱ ያለበት ድልድይ ላይ የፕሪፌቸብል መስኮቱ ለአንድ ጂፒዩ የሚበቃ እንጂ ለሁለት የሚሆን አልነበረም። ባዮሱ አንዱን አስተናግዶ ሌላውን ትቶታል። ከርነሉ ደግሞ ባዮሱ የመደበውን መስኮት ያለ ፈቃድ አያሰፋም። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ነው፤ የሚሰራን ነገር አለመንካት።

የአድራሻውን ካርታ በአንድ ገጽ ማየት የሚፈልግ ሰው ፕሮክ ሥር ያለውን አይኦሜም የሚባል ፋይል ይክፈት። ክልሉ በውስጡ ክልል፣ በዚያም ውስጥ ካርድ ሆኖ ወደ ውስጥ እየገባ ይታያል። በሩት (በአስተዳዳሪው መለያ) ካልሆነ ግን ሁሉም አድራሻ ዜሮ ሆኖ ነው የሚታየው። ልጁ መጀመሪያ በተራ ተጠቃሚ ከፍቶት «ጋሼ፣ ይኸው ሁሉም ዜሮ ነው፣ ምንም አልተመደበም» ብሎ ደንግጦ ነበር። በሱዶ ሲከፍተው ቁጥሮቹ ወጡ። ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለው ሰፊ ክልል ውስጥ አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ክልል ተቀምጧል። ቀሪው ባዶ ሜዳ ነው።

አሁን «ሪአሎክ» ጊዜው ደረሰ። ቀድሞ ጉዳት ያመጣው ትዕዛዝ እዚህ ትክክለኛው መድኃኒት ነው፣ ምክንያቱም አሁን ሜዳ አለ። ከርነሉ በመጀመሪያው ዙር ያልተሳካለትን ይመዘግባል፣ መስኮቶቹን ይለቃል፣ ሥር ያሉትን ሁሉ ደምሮ ሰፋ ያለ መስኮት ያሰላና እንደገና ይመድባል። ይህ ሥራ የሚሰራው ከርነሉ ውስጥ «ሴትአፕ ባስ» በሚባለው ፋይል ነው፤ ሲ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ጊዜ ሰጥቶ ቢያየው አይቆጭም። ከርነሉን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በግራብ ላይ፣ ትዕዛዙን ጨምረን አስነሳነው። ማስታወሻው ላይ የመጀመሪያው ዙር ቅሬታ አሁንም አለ፣ ከሥሩ ግን የሁለተኛው ዙር ምደባ ተጽፏል። ሁለቱም ባር1 አድራሻ አላቸው። የኔትወርክ ካርዱም በቦታው ነው። እዚህ ላይ ማስታወሻውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። ከላይ «ቦታ የለም» የሚለውን ብቻ አይቶ የሚደመድም ሰው፣ ከሥሩ የተፈታውን ችግር ሲያሳድድ ይውላል።

ሦስተኛው ምክንያት

ሥልጠናው ተጀመረ። ደህና ሄደ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። «ጋሼ፣ ካርዱ እንደገና ጠፋ። በዚያ ላይ ከቤት በኤስኤስኤች መግባት አልቻልንም። ቢሮ ሄጄ ሳየው ማሽኑ ተነስቷል፣ ኢንተርኔት ግን የለውም።»

ማንም የነካው ነገር የለም። ከርነሉ አልተሻሻለም፤ ራሱን እንዳያሻሽል ቀድመን ዘግተነዋል። ካርድና ኔትወርክ አብረው መጥፋታቸው ግን የማውቀው ምልክት ነው፦ ሪአሎክ በርቶ ከ4 ጊጋባይት በላይ ያለው ክልል ሲጠፋ የሚሆነው ይኸው ነው። ዲሜስጉን በስልክ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የሥር ክልሎቹ ዝርዝር ተመልሶ አጥሯል። ባዮሱ ምርጫውን ረስቶታል።

ለምን ረሳው? መልሱ እዚያው ፎቶው ላይ፣ ጥቂት መስመር ዝቅ ብሎ ነበር። ከርነሉ ሲነሳ ሰዓቱን ከማዘርቦርዱ ሰዓት ይወስድና ስንት እንዳገኘ ይጽፋል። የጻፈው ጥር 1 ቀን 2011 ነው። ልጅቷ «በእኛ አቆጣጠር ነው እንዴ?» አለች፣ ከልቧ። አይደለም። ባዮሱ ሁሉን ሲረሳ የሚመለስበት መነሻ ቀን ነው።

«መብራት ሄዶ ነበር?»

«ቅዳሜና እሁድ አልነበረም አሉ ዘበኛው።»

የባዮስን ምርጫና ሰዓት የምትጠብቀው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ናት። ማሽኑ ቢጠፋም ግድግዳው ላይ እንደተሰካ እስካለ ድረስ ባትሪዋ ብትደክምም አይታወቅም፤ ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኃይል ይሰጣል። መብራት ጨርሶ ሲሄድ ነው ጉዷ የሚወጣው። በመልቲሜትር ስትለካ ከ2.5 ቮልት በታች አወጣች። አዲሷ 3 ቮልት ናት። ከሰዓት ቤት ገዝተው ቀየሩ፣ የባዮስ ምርጫዎቹን መልሰው አስገቡ፣ ገመዱን ነቅለው ጥቂት ቆይተው መልሰው ሰኩት። ምርጫው በቦታው ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ብልሽት የሚያደናግረው አልፎ አልፎ ስለሚመጣ ነው። «ትናንት ሰርቶ ዛሬ እምቢ አለ» ሲባል ሰው ወዲያው ጥርጣሬውን ካርዱ ላይ ይጥላል፤ ያገለገለ ነው፣ ሞቋል፣ ደክሟል ይላል። አልፎ አልፎ የሚጠፋ ካርድ ሲያጋጥማችሁ ካርዱን ከመንቀላችሁ በፊት ማዘርቦርዱ ስንት ዓመት ላይ እንዳለ እዩ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሁለቱም ጂፒዩዎች ይሰራሉ። ማሽኑ ከ5.4 ከርነል እንዳይወጣ ተደርጓል፣ ድራይቨሩም በ470 ተከታታይ ላይ ነው። ኬ80 ኬፕለር የሚባለው ትውልድ ነውና ከ470 በኋላ ያሉት ድራይቨሮች አያውቁትም። አዲስ ከርነል ሲመጣ ዝም ብሎ መጫን የለም፤ ድራይቨሩ አብሮ መገንባቱ መጀመሪያ በሌላ ማሽን ይሞከራል።

ልጁ ራሱ አጭር ስክሪፕት ጽፏል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ይሮጣል። የሁለቱንም ጂፒዩ ባር1 መጠን ከሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ስለ መሣሪያዎቹ መረጃ ከሚያሳይበት ቦታ) ያነባል፣ 16 ጊጋባይት መሆናቸውን ያረጋግጣል። ከዚያ ከርነሉ ከማዘርቦርዱ የተቀበለውን ዓመት ያያል። አንዱ እንኳ ልክ ካልሆነ ሥልጠናውን አያስጀምርም፤ ዲሜስጉን ከላይ እስከ ታች ወደ ፋይል ይገለብጥና ይቆማል።